ሳልቀምስ ያሳለፍኩት ጠጅ

የጎረቤቴ ልጅ አዲስ አበባ ሄዳ መጠጥ ማሳለፍ ተምራ መጣች። በትምህርት ቤት! ሦስት ወር ሙሉ፣ በደብተር እየጻፈች። ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሰደርያ ለብሳ የተነሣችውን ፎቶ አሳየችኝና፣ «እማማ፣ እርስዎስ ሥራውን የት ተማሩት?» አለችኝ። ልነግራት ጀመርኩ። ወሬው ግን ከብርሌ ወደ በቅሎ፣ ከበቅሎ ወደ ወንድሜ፣ ከወንድሜ ወደ ዲጋ ዝናብ እየሄደ አስቸገረኝ፤ የሷም ስልክ ጮኸና ተነሥታ ሄደች። እንግዲህ ጽፌ ልስጣት ብዬ ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። መስመሬ ቢወላገድ ጠጥታ ነው አትበሉ። መጠጥ ስንት ዓመት አሳለፍኩ እንጂ አልጠጣሁም፤ ነገሩም ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ዲጋ ነው የተወለድኩት፤ ከነቀምቴ በስተምዕራብ፣ ንጋት ላይ የተነሣ በቅሎ ፀሐይ ሳይከር የሚደርስበት። ቤታችን የአማኞች፣ የወንጌላውያን ቤት ነበር። እሑድ መዝሙር፣ ረቡዕ ጸሎት፤ ጠጅም ጠላም አረቄም ደጃችንን አያልፍም። እናቴ ልትሞት ስትል እጄን ያዘችና አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ «መጠጥ በአፍሽ አይግባ» አለችኝ። አባቷ ከብቶቹን በመጠጥ ጨርሶ እሷ በልጅነቷ ሰው ቤት አድራለች። እሺ አልኳት። በዚያን ሰዓት ምን ብትለኝ እሺ የማልል?

ከዚያ ተዳርኩ። ባሌን በሁለተኛው ዓመት ወባ ወሰደው፤ ልጅም አልነበረን። ወደ ታላቅ ወንድሜ ቤት ተመለስኩ። ኦቦ እያልኩ ነው የምጠራው፤ በእኛ አገር ታላቅን እንዲያ ነው የሚሉት። ወንድሜ ደግ ሰው ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ ነው፤ ሚስቱም ክፉ አልነበረችም። ግን አንድ ማድቤት ውስጥ ሁለት ሴት ሲቆም ማማሰያው ራሱ የማን እንደሆነ ይጠፋዋል። ወንድሜም ይህን አይቶ ነው መሰለኝ፣ ከኑኑ ቁምባ ሰው ሲላክብኝ ደስ አለው።

የኑኑ ቁምባው ሰውዬ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቡናው የሰፋ፣ ልጆቹ ከእኔ የሚበልጡ ነበር። «ጥሩ ሰው ነው» አለኝ ወንድሜ። «ጥርስ የለውም» አልኩት። «ጥርስ ለምንሽ ነው?» «ለእኔ ሳይሆን ለሱ ነው፤ ምን እያላመጠ ሊኖር ነው?» ሳቀ። ሲስቅ ጊዜ ተጠቅሜ ነቀምቴ ሄጄ ሥራ ልፈልግ አልኩት። እሱም «ሦስት ቅዳሜ እሰጥሻለሁ» አለ። «በሦስተኛው ቅዳሜ ቡና ይዤ ገበያ እመጣለሁ። የምታድሪበት ጣሪያ፣ የምትበዪው እንጀራና ‹እኔ ዋሷ ነኝ› የሚል ሰው ካገኘሁ ትቆያለሽ። ካላገኘሁ ሌላ በቅሎ ጭኜ ነው የምመጣው፤ ተቀምጠሽ ወደ ኑኑ ቁምባ።»

ነቀምቴ የአክስቴ ልጅ ጨለለቂ ትኖር ነበር፤ እሷ ዘንድ አደርኩና በማግስቱ በር ለበር መዞር ጀመርኩ። ወጥ እሠራለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ልጅ እይዛለሁ። ማንም አልፈለገኝም። በአምስተኛው ቀን አንድ ጠጅ ቤት በር ላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ የብርሌ ስባሪ በቀሚሷ ይዛ ለራሷ ስታወራ አገኘኋት። አሳላፊዋ ከጭነት መኪና ሾፌር ጋር ሄዳባት ነው። ወላጆቿ ከጎጃም የመጡ ነበሩ፤ እሷ ነቀምቴ ተወልዳ ነቀምቴ ብታረጅም አነጋገሯ ጎጃምን አልለቀቀም።

«አንች ልጅ፣ ብርሌ ማጠብ ታውቂያለሽ?» አለችኝ፣ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ እንኳ ሳልላት።

ብርሌ ታውቁታላችሁ፤ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ፣ እጅ አይገባበት። ከታች አተላ ይዞ ከደረቀ ወዮለት ለአጣቢው። እኔ ብርሌ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር፤ የቅቤ ቅል ግን ከልጅነቴ ነው ያጠብኩት። ከደጅ ጥቃቅን ጠጠር ለቀምኩ፣ ለብ ያለ ውሃ ጨመርኩና ሸክሸክ፣ ሸክሸክ አደረግኩት። ብርሌው እንደ ዓይን ጠራ።

«ማን አስተማረሽ?»

«የእናቴ የቅቤ ቅል።»

«እሰይ የኔ ልጅ። በይ ግቢ።»

አያችሁ፣ ሥራ የጀመርኩት በማጠብ ነው። ያቺ የጎረቤቴ ልጅ ትምህርቱን በመቀላቀል ነው የጀመሩት አለችኝ። ይሁን፤ ጊዜው ሌላ ነው። እኔን ግን ማን ይጠይቀኛል እንጂ፣ መጀመሪያ ያጠበ እጅ ነው ኋላ በደንብ የሚቀዳው፤ ስንጥቁን ያውቃል፣ አንገቱ የሳሳውን ያውቃል።

ከዚያ መያዝ ተማርኩ። የብርሌ አንገት በጣትና በጣት መካከል ይገባል፤ በአንድ እጅ አራት። መጀመሪያ ሁለት ስይዝ እንኳ እንደ ደወል ይንቋቋ ነበር። ጣት አፉ ላይ አይደርስም፤ ከደረሰ ዳግመኛ ማጠብ ነው። ጆሮ መያዝ ደግሞ ከእጅ ይብሳል። ሰው ሲጠጣ የሚያወራውን ሰምቶ እንዳልሰሙ መሆን፤ የተጣሉ ሁለት ሰዎች ሲመጡ ሦስተኛ ሰው መሐላቸው ማስቀመጥ። ሰው ሲበዛበት ደግሞ «ሰክረሃል» አይባልም። እንዲያ ያልከው ሰው ሌላ ብርሌ ያዛል። የቤቱ ባለቤት፣ እትዬ የምላት፣ የምታደርገው ሌላ ነበር፤ በጣሳ ውሃ ትወስድለትና በጆሮው «በቅሎህ ተፈታች መሰለኝ» ትለዋለች። ሊያይ ይወጣል፤ ነፋሱ ይመታዋል፤ ይሄዳል። በቅሎ የሌለው እንኳ ወጥቶ ያይ ነበር!

ወደ ነገሬ ልመለስ። ቤቱ ሁለት ወገን ነበረው። ውስጥ፣ የጃንሆይ ፎቶ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር፣ ጠጅ ጠጪዎች ይቀመጣሉ። ውጭ በረንዳው ላይ ደግሞ አንድ ረጅም አግዳሚ አለ፤ የብርዝ ወገን ነው። ነቀምቴ አማኙ ብዙ፣ እስላሙም አለ፤ ገበያ የመጣ ሰው ውሃ ይጠማዋል፤ ጠጅ አይጠጣም። ለነሱ እትዬ ማር በውሃ በጥብጣ ብርዝ ታዘጋጃለች፤ ጌሾ ያልነካው፣ የዛሬው ለዛሬ ብቻ። ካደረ አይሸጥም። ታዲያ ብርዙም በብርሌ፣ ጠጁም በብርሌ ነው፤ የወለጋ ማር ደግሞ ጠቆር ያለ ስለሆነ ሁለቱም አንድ መልክ ናቸው። የሚቀዱበትም እንስራ አንድ መጠን ነው፤ ጓዳ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ልዩነታቸው የአፋቸው ጨርቅ ነው። ነጭ ጨርቅ የብርዝ፣ ሰማያዊ ጨርቅ የጠጅ። እትዬ ሁልጊዜ ጠዋት ጨርቁን ገልጣ ሁለቱንም ትቀምሳለች፤ ከዚያ ነው ሥራ የሚጀመረው። በማሽተትስ አይለይም ወይ እንዳትሉኝ፤ ያ ቤት ከጣሪያው እስከ ድመቱ ጌሾ ጌሾ ይል ነበር።

አሁን የጭንቄን ነገር ልንገራችሁ። ጠጅ አሳላፊ ብርሌውን ለእንግዳው ከመስጠቷ በፊት ከላዩ ጠብ አድርጋ በግራ መዳፏ ትቀበልና ትቀምሳለች። መርዝ የለበትም፣ ንጹሕ ነው ማለት ነው፤ ከታላላቆች ግብር ቤት ወርዶ ከተማው ሁሉ የያዘው ወግ ነው። ያልቀመሱለት ሽማግሌ ይቀየማል። እኔ ደግሞ ለእናቴ ቃል አለብኝ። ምን ላድርግ? ጠብ አደርጋለሁ፣ መዳፌን ወደ አፌ አስጠጋለሁ፣ ከንፈሬን እገጥማለሁ፣ ከዚያ እጄን በሽርጤ ጥርግ። በሁለት ሳምንት ሽርጤ ከእኔ ይልቅ ጠጪ ሆነ፤ ንብ ይከተለኝ ጀመር።

እትዬ አላወቀችም። ያወቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከፊት ለፊታችን ጨርቅ የሚሸጥ ጉራጌ ሽማግሌ ነጋዴ። ይሄ ሰው በቀን አንድ ብርሌ ነው የሚጠጣው፤ ሁለተኛ ጠጥቶ አያውቅም፤ ያቺን አንዷን ግን እንደ ዳኛ ነው የሚመረምራት።

«አንቺ ልጅ፣ ጉሮሮሽ አልተንቀሳቀሰም» አለኝ አንድ ቀን ቀስ ብሎ።

«ቀምሻለሁ ጋሼ።»

«ሽርጥሽ ነው የቀመሰው። እኔ ስሞት ሽርጥሽ ይመስክር?»

«ጋሼ፣ እባክዎን ለእትዬ አይንገሩብኝ።»

«እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ፤ የሽርጥ ነገር አላወራም» አለና ጠጣ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ስቀምስለት አንገቱን አስግጎ ጉሮሮዬን ያያል፤ ከዚያ ጥቅሻ ይሰጠኛል።

ሦስተኛው ቅዳሜ መጣ። ለወንድሜ በዲጋ ሰዎች መልእክት ልኬ ነበር፤ «አንዲት ሴትዮ ቤት ብርዝ አሳልፋለሁ» ብዬ። ውሸት አይደለም፤ ግማሹን ነው የላክሁለት። አርብ ከሰዓት በኋላ እጄ ሥራ ፈት መሆን አቃተው። ወንድሜ ሲገባ ቤቱ እንዲያምርለት ብዬ አግዳሚውን ፈተግኩ፣ በረንዳውን ጠረግኩ፣ የጃንሆይን መስተዋት ወለወልኩ። ይህ ሁሉ አልበቃኝ ብሎ የእንስራዎቹን ጨርቅ ፈትቼ አጠብኩ። እስኪደርቁ አሮጌ ነጠላ ጣል አደረግኩባቸው፤ ሲደርቁ መለስኳቸው። አርብ ማታ እንስራዎቹ ባዶ ነበሩ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ እትዬ ብርዙን በጠበጠች፣ ጠጁን ከትልቁ ጋን አጠለለች፣ እንስራዎቹን ሞላችና ነጠላዋን ተከናነበች። ማር ሻጮቹን ሌሎቹ ጠጅ ቤቶች ሳይቀድሟት መያዝ አለባት።

«አንች ልጀ፣ እኔ ገበያ ወርጃለሁ። አፋቸውን ሸፍኝ። ዛሬ አንች ነሽ የምትቀምሽው፤ ሁለቱንም ቅመሽ፣ እሽ?»

«እሺ እትዬ።»

ያቺ «እሺ» ናት። ጨርቆቹን አነሣሁ፤ በስተቀኝ ያለው ሁልጊዜ የብርዝ ነበርና ነጩን በስተቀኙ አሰርኩ፤ ሰማያዊውን በስተግራው። እትዬ በጨለማው ስትቸኩል ጠጁን በስተቀኝ ማስቀመጧን በምን ልወቅ? መቅመስ ነበር የሚያሳውቀኝ። አልቀመስኩም።

ሦስት ሰዓት ገደማ ወንድሜ መጣ። ሁለት በቅሎ ይዟል። አንዷ ቡና ጭናለች፤ ሁለተኛዋ ባዶ ናት፣ በኮርቻዋ ላይ የሚስቱ ቀይ ምንጣፍ ተደርጓል። ያቺ የእኔ መቀመጫ ናት። በሩ ላይ ቆመና ወደ ውስጥ አየ፤ ባዶውን የጠጅ ወገን፣ የተደረደረውን ብርሌ፤ ጌሾውን አሸተተ።

«አካም ጅርታ ኦቦ» አልኩት።

«ፈያዳ። ይሄ ነው ብርዝ ቤቱ?» በኦሮምኛ ነው የምናወራው፤ እኔ ግን ለአንባቢ ብዬ በአማርኛ አደረግኩት።

«ብርዙ በዚህ በኩል ነው፤ ና ተቀመጥ፣ ታኢ፣ ደክሞሃል።»

«ድካሜ ምንም አይደለም። የሚጠጣ ነገር ስጪኝ፤ እኔ እስክጠጣ ጓዝሽን ሸክፊ።»

ጓዳ ገባሁ፤ ነጩን ጨርቅ ገለጥኩ፤ ብርሌውን እስከ አንገቱ ሞላሁና ሰጠሁት። አቧራና ፀሐይ ጠጥቶ የመጣ ሰው ነው፤ አንዴ አንስቶ ባዶውን መለሰልኝ። ከንፈሩን ላሰ። ስለ ጓዝ ምንም ሳይል «ድገሚኝ» አለ።

ሁለተኛውን ቀስ ብሎ ነው የጠጣው። «ማሩ የየት ነው?»

«የእኛው አገር ነው ኦቦ።»

«ደህና ማር ነው። ደረት ላይ ሲደርስ ይሞቃል።» ቀጥሎም፣ «እናታችን ብርዝ ስትበጠብጥ እንዲህ አይሞቅም ነበር» አለ። ስለ እናታችን ሲያወራ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወንድሜ በቀብሯ ላይ እንኳ ያላለቀሰ ሰው ነው። እኔ ደስ አለኝ፤ ልቡ ራራ ብዬ። ሦስተኛ ቀዳሁለት።

በሦስተኛው ጉድ ፈላ። በመስኮቱ ወደ ውስጥ እያየ «ጃንሆይ ዛሬ ምነው ፈገግ አሉ?» አለኝ። ጫማውን አወለቀ። ከዚያ ያንን የቤተ ክርስቲያን ድምፁን አወጣና መዝሙር ጀመረ። ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ቅርጫታቸውን አናታቸው ላይ እንደያዙ ቆሙ። «የዛሬው ደስታ ምንድን ነው?» እያሉ ይሳሳቃሉ። እኔ አሁንም አልገባኝም! መዝሙርማ ድሮም ይወዳል፤ ብቻ በጫማ ነበር የሚዘምረው።

እትዬ ማሯን በሁለት ቅል አስይዛ ስትመለስ ወንድሜ ተነሥቶ እጅ ነሣት፤ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«አዴ» አላት፣ እናቴ እንደማለት ነው፤ «የዚች ልጅ ዋስ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ እንጅ! እንደሷ ብርሌ የምታጥብ ከየት ላመጣ?»

«እንግዲያው ትቆይ!» አለና አግዳሚውን በጥፊ መታው። «ያ የኑኑ ቁምባ ሰውዬ በቅሎዋን ያግባ! ቀይ ምንጣፉንም እሰጠዋለሁ!»

እኔ እትዬን አቀፍኳት፤ ማሩ ሊደፋ ነበር። በዚህ መሐል ጨርቅ ሻጩ ጋሼ ገበያው ሳይደምቅ አንዷን ብርሌውን ሊጠጣ መጣ፤ ለጠጅ ወገን የዕለቱ መጀመሪያ ሰው እሱ ነው። ሰማያዊውን ገልጬ ቀዳሁለት፣ በመዳፌ ጠብ አደረግኩ፣ ወደ አፌ አስጠጋሁ፣ በሽርጤ ጠረግኩ። እሱ ጠቀሰኝና ጠጣ። ፊቱ ተለወጠ። እንደገና ጠጣ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ጠጅ ተጠምቋል ወይስ አማኝ ሆኗል?»

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«ብርዝ ነው! ጌሾ ባጠገቡ አላለፈም።»

መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ ናት፤ ቀጥላ ወደ በረንዳው አየች፤ ባዶ እግሩን የሚዘምረውን ወንድሜን አየች፤ ሳቋን አቆመች። ሄዳ ነጩን ጨርቅ ገልጣ በጣቷ ቀመሰች።

«ስንት ብርሌ ሰጠሽው?»

«ሦስት።»

«ወየው ጉዴ! የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ!» እጄን ይዛ ወደ ማዕዘን ወሰደችኝ። «ሁለቱንም ቅመሽ አላልኩሽም? እሽ አላልሽኝም?» አንገቴን ደፋሁ። የእናቴን ቃል ነገርኳት። «ሁለት ሳምንት ሙሉ?» አለች። «ሁለት ሳምንት።» ከዚያ ወደ ወንድሜ አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ «በይ፣ የተቆጣሁሽን ኋላ እቆጣሻለሁ። ለዛሬ የፈለግሽውን አግኝተሻል፤ ትቆይ ብሏል። ዝም በይ። ሲነቃ ፀሐይ መታው እንላለን።»

ጨርቆቹን አስተካከልን፤ ሌላ የብርዝ ሰው ገና አልመጣም ነበር፤ ተመስገን። ወንድሜን ጓዳ እኔ የማድርበት መደብ ላይ አስተኛነው። ቡናውን ጋሼ የሱቁ በረንዳ ላይ አሳረፈለት።

ያን ቀን ገበያው ደምቆ ነበር፤ በረንዳውም ውስጡም ሞላ። እኔ በአንድ እጄ አራት፣ አራት ብርሌ ይዤ እወጣለሁ፣ እገባለሁ፤ አንድም አላንቋቋሁም። እንዲህ ሠርቼ አላውቅም። ግን በወጣሁ ቁጥር ሁለቱ በቅሎዎች ከግንዱ ጋር ታስረው አያለሁ፤ ቀዩ ምንጣፍ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል። ትቆይ ብሏል እላለሁ ለራሴ። ማነው ያለው? ይላል ሌላው ልቤ። እሱ ነው ወይስ ሦስቱ ብርሌ?

አሥር ሰዓት ላይ ወንድሜ ነቃ። ግንባሩን ይዞ በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

«ፀሐይ መታኝ መሰለኝ» አለ፣ እኛ ሳንለው በራሱ።

«ይመታል፤ የዛሬው ፀሐይ ክፉ ነው» አለች እትዬ ቶሎ ብላ።

«ስለ ልጅቷ ምን ብዬ ነበር?»

«ትቆይ ብለሃል።»

«ብያለሁ?» አሰበ። «ካልኩ አልኩ ነው። ቃሌን አላጥፍም።»

አለቀ። እዚያ ላይ ዝም ብል ነገሩ ሁሉ ያበቃ ነበር፤ እትዬ በዓይኗ ዝም በይ እያለችኝ ነው። ግን ወንድሜን አውቀዋለሁ። «ቃሌን አላጥፍም» ያለ ሰው ያንን ቃል ይዞ ነው የሚያረጀው፤ ያልሰጠውን ቃል እንዴት አስይዘዋለሁ?

«ኦቦ፣ ጠዋት የጠጣኸው ብርዝ አልነበረም። ጠጅ ነበር።»

በረንዳው ላይ የነበሩት ሁለት የብርዝ ሰዎች ብርሌያቸውን ዝቅ አድርገው አዩ። እትዬ «የናንተውስ ደህና ነው፣ ጠጡ፣ ጠጡ» አለቻቸው።

ወንድሜ ግንባሩን ለቀቀ። «ሆን ብለሽ ነው?»

«አይደለም። የእንስራዎቹን ጨርቅ አለዋውጬ ነው።»

«ጠጅና ብርዝ የማትለይ አሳላፊ አለች?»

«ስላልቀመስኩ ነው።»

«ለምን አልቀመስሽም?»

«ለእማዬ ቃል ገብቻለሁ።»

«እዚህ ቤት ሁለት ሳምንት ተቀምጠሽ? አንድም ጊዜ?»

ከውስጥ የጋሼ ድምፅ መጣ፤ ለካ የጠዋት ጠጁን ሊያገኝ ከሱቁ ተመልሶ መጥቶ ነበር። «እኔ ምስክር ነኝ!» አለ። «በየቀኑ እያታለለችኝ ነው የከረመችው። ሽርጧን ይጭመቁት፤ ግማሽ እንስራ ይወጣዋል!»

ወንድሜ ሽርጤን አየ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቀ ነው፤ ሳቁ ራሱን ስለሚያመው ደግሞ ግንባሩን ይዞ «ወይኔ፣ ወይኔ» ይላል። «ጠጅ ቤት ውስጥ ያለችው አልቀመሰች፤ ከጠጅ ቤት ሊያወጣት የመጣው ሽማግሌ ሰከረ! ይሄን ለቤተ ክርስቲያን ወንድሞች ምን ብዬ ነው የምናዘዘው?»

«ፀሐይ በል» አለች እትዬ።

«አይሆንም፤ ራሴ እነግራቸዋለሁ።» ሳቁ አለቀ፤ ወደ እኔ ዞረ። «የጠዋቱን ቃል ተይው። እሱ የጠጁ ቃል ነው፤ የእኔ አይደለም።»

ቀዩን ምንጣፍ አየሁ።

«አሁን ብርዝ ስጪኝ» አለ። «ፊቴ ቆመሽ ቅመሽ።»

ነጩን ጨርቅ ገልጬ ቀዳሁ፤ ጠብ ሳደርግ ስለቸኮልኩ ከመዳፌ ይልቅ ክንዴ ነው የጠጣው። የቀረችውን ቀመስኩ፤ ዋጥኩ። በሁለት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ወጉን እንደወጉ አደረስኩት። ከውስጥ ጋሼ አንገቱን አስግጎ «ጉሮሮዋ ተንቀሳቅሷል!» አለ።

ወንድሜ ቀስ ብሎ ጠጣ። ጨርሶ ብርሌውን ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ይሄ ነው ዋናው?»

«አዎ ኦቦ።»

«የጠዋቱ ይሻል ነበር» አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም፤ ወደ እትዬ ዞሮ፣ «አዴ፣ ጠዋት ጠይቄሽ ከሆነ አላስታውሰውም። ዋሷ ነሽ?» አላት።

«ስንት ጊዜ ልበልህ? ነኝ! ጠጁን ግን ከዛሬ ወዲያ እኔው ነኝ የምቀምሰው። አንችም ስሚ፤ የማትችይውን ነገር አልችልም በይ እንጅ እሽ አትበይኝ!»

«እሺ እትዬ» አልኳት፤ እንደገና አፌን ያዝኩ።

ወንድሜ ጫማውን ፈልጎ አጠለቀ። ጋሼ ሱቅ በረንዳ ያረፈውን ቡና ወደ ገበያው ወስዶ ሸጠ፤ ሲመለስ አንድ ከረጢት ጨው አስይዞ ነበር። ቀዩን ምንጣፍ ከኮርቻው አንሥቶ አጠፈና ለእኔ ሰጠኝ። «መደቡ ይቆረቁራል፤ ከነቃሁ ጀምሮ ጎኔን አሞኛል፤ አንጥፊው» አለኝ። ምንጣፉ በነበረበት ቦታ ጨውን ጫነ። ሲሄድ እስከ መታጠፊያው ቆሜ አየሁት፤ የእኔዋ በቅሎ ጨው ይዛ ከኋላው ጎብለል ጎብለል ትላለች። ሦስተኛው ቅዳሜ እንዲህ ነው የመሸው። የኑኑ ቁምባው ሰውዬ በዚያው ዓመት አንዲት ባለ ብዙ ከብት ሴት አገባ አሉ፤ ደህና ሆኗል።

ስመለስ ጋሼ ከውስጥ ጠራኝ። «አንቺ ልጅ፣ የሁላችሁም ጉዳይ አለቀ፤ ከጠዋት ጀምሮ በማር ውሃ የተሸነገልኩት እኔስ?»

ሰማያዊውን ገልጬ ሞልቼ ወሰድኩለት። ሽርጤን ፈትቼ ነበርና መዳፌን አልዘረጋሁም። «ጋሼ፣ እኔ አልቀምስም። እትዬ ቀምሳዋለች» አልኩት።

ብርሌውን ተቀበለኝ፤ አየኝ፤ ከዚያ ራሱ በራሱ መዳፍ ጠብ አድርጎ ቀመሰና ጉሮሮውን አሳየኝ።

«መርዝ የለውም» አለ። «በይ ሂጂ፣ ሰው ይጠብቅሻል።»